ሰልፉ ሲያልፍ፣ ሰልፉ ሲቆም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሕፃናት የተዘጋጀ አንድ የጉዞ መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጥቶኝ ነበር። ሥራው ቀላል መስሎኝ ጀመርሁት። በካሊፎርኒያ ስለሚገኘው የዲዝኒላንድ መናፈሻ የሚተርከው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን «ፓሬድ» የምትል አንዲት ቃል አላላውስ አለችኝ። ብዙ ሳልጨነቅ «ሰልፍ» ብዬ አለፍኋት። አርታኢው፣ በዕድሜም በሙያም አንጋፋዬ የሆኑ ሰው፣ ረቂቁን ሲመልሱልኝ ከኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሰልፈኞቹ ጥያቄያቸው ምንድን ነው?» ብለው ጽፈውበት አገኘሁ።

አልፈረድሁባቸውም። በአማርኛችን ሰልፍ የሚወጣው ወይ ወታደር ነው፣ ወይ አቤቱታ ያለው ሕዝብ ነው፣ አለዚያም ታክሲ የሚጠብቅ መንገደኛ ነው። ለመደሰቻ ሲባል ብቻ የሚሰለፍ የለም። «ዑደት» ልበለው ብዬም አሰብሁ። ነገር ግን ታቦት ሲወጣ ሕዝቡ ከዳር ቆሞ አይመለከትም፤ አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይዘምራል፣ የዑደቱ አካል ነው። «ትርኢት» እንዳልለው ደግሞ ትርኢት መድረክ ላይ ይቆማል፤ ተመልካቹ ወንበሩን ይዞ ይቀመጣል። በዲዝኒላንድ ጎዳና ላይ የሚሆነው ነገር ከሦስቱም ይለያል። ተመልካቹ ይቆማል፤ የሚታየው ነገር ያልፋል።

ይህን የቃል ችግር ለመፍታት ብዬ የጀመርሁት ንባብ ወዳላሰብሁት ጥያቄ ወሰደኝ። በአንድ ኩባንያ የተዘጋጁ፣ በአንድ መናፈሻ፣ በአንድ መንገድ ላይ የታዩ ሁለት የብርሃን ሰልፎች አሉ። አንደኛው አልፎ አልፎ እየተቋረጠም ቢሆን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሲወደድ ኖሯል። ሁለተኛው አንድ በጋ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ቀረ። ልዩነቱ ከየት መጣ? (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአደባባይ የደስታ ሰልፍ በአሜሪካ ከዲዝኒ በፊትም የታወቀ ነበር። በፓሳዲና ከተማ በአበባ ያሸበረቁ ሠረገሎች በአዲስ ዓመት ቀን የሚያልፉበት ሰልፍ የተጀመረው በ1890 ነው፤ የኒው ዮርኩ የሜሲስ መደብር ሰልፍም ከ1924 አንሥቶ ይታወቃል። እነዚህ ግን በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጡ የከተማ በዓላት ናቸው። ተመልካቹ የከተማው ልጅ ነው፤ ዘንድሮ ዝናብ ቢያበላሽበት ለከርሞ ይመለሳል። የመናፈሻ ሰልፍ ዕጣው ከዚህ የከበደ ነው። በየቀኑ ይወጣል፤ በየቀኑም ፊቱ የሚቆመው ምናልባት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ፣ የመግቢያውን ዋጋ ለማጠራቀም ወራት የፈጀ ቤተሰብ ነው። ለሰልፈኛው ሺኛው ምሽት የሆነው ለሕፃኑ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው።

ዲዝኒላንድ ጁላይ 17 ቀን 1955 ሲከፈት ሰልፍ አብሮት ተወለደ ማለት ይቻላል። የዕለቱ ሰልፍ በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲተላለፍ አዲስ የፈሰሰው አስፋልት በቅጡ ስላልደረቀ የሴቶቹ ተረከዝ እየሰመጠ ያስቸግር ነበር። ዋልት ዲዝኒ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሌላ ነገር ሞከረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሰርከስ ይወድ ስለነበር በመናፈሻው ውስጥ ትልቅ ድንኳን አስተክሎ፣ እንስሳትና ትርኢተኞች አሰባስቦ የሰርከስ ትርኢት ከፈተ። ትርኢቱ እስከ ጃንዋሪ 1956 ድረስ ብቻ ቆይቶ ተዘጋ። ምክንያቱን ለማወቅ ጥበብ አይጠይቅም። ሰዎቹ የመጡት ዲዝኒላንድን ሊያዩ ነው፤ ሰርከስ በየከተማቸው ይመጣላቸዋል። አዲስ ዓለም ተከፍቶላቸው ሳለ ድንኳን ውስጥ ገብተው ለመቀመጥ የፈቀዱት ጥቂቶች ነበሩ። ያ ድንኳን የሰጠው ትምህርት ከአርባ ዓመት በኋላ እንደ አዲስ መከፈሉን ወደ ኋላ እናያለን።

ስለ ዋልት ዲዝኒ የሚነገር አንድ ወግ አለ። ለገና በዓል ሊደረግ የታሰበውን ሰልፍ የሒሳብ ሰዎቹ ተቃወሙት፤ በገና ሰሞን ሕዝቡ ያለ ሰልፍም ይመጣል፣ ታዲያ ይህን ሁሉ ገንዘብ ማፍሰስ ለምን አሉት ይባላል። የሱ መልስ ጭብጡ፣ ማንም ስላልጠበቀው ነው ማድረግ ያለብን የሚል ነበር። ወጉ እውነትም ይሁን ሲነገር የዳበረ፣ የሰልፍን አንድ ምሥጢር ይዟል። በእነዚያ ዓመታት የመናፈሻው ጨዋታዎች እያንዳንዳቸው ኩፖን ይጠየቅባቸው ነበር፤ የኩፖኑ ሥርዓት የቀረው በ1982 ነው። ሰልፉ ግን ኩፖን አልነበረውም። በሩን አልፎ የገባ ሁሉ፣ ኩፖኑን በጠዋት የጨረሰውም ጭምር፣ እኩል ያየዋል።

ወደ ዋናው ሰልፍ እንምጣ። በ1971 መገባደጃ በፍሎሪዳ ሁለተኛው የዲዝኒ መናፈሻ ሲከፈት በሐይቁ ላይ የሚንሳፈፉ፣ የባሕር እንስሳት ቅርፅ በአምፖል የተሠራባቸው የጀልባ ሰልፎች በምሽት ይታዩ ጀመር። የመዝናኛ ክፍሉ ኃላፊ ሮበርት ጃኒና የሥራ ባልደረቦቹ ይህንኑ ሐሳብ ከውኃ ወደ መንገድ አወጡት። መነሻው የገበያ ጉዳይ ነበር ብንል ሐሜት አይሆንም። ቤተሰቦች ጀምበር ስትጠልቅ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር፤ ከጨለማ በኋላ የሚታይ ነገር ካለ ግን ይቆያሉ፣ ከቆዩም ራት ይበላሉ። ጁን 17 ቀን 1972 የወጣው «ሜይን ስትሪት ኤሌክትሪካል ፓሬድ» ግማሽ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን አምፖሎች የተሰካኩበት ነበር። ኃይላቸውን የሚያገኙት ሠረገሎቹ ውስጥ ከተሸጎጡ ባትሪዎች ነው። ዳንሰኞቹም በልብሳቸው ላይ አምፖል፣ በወገባቸው ባትሪ ታጥቀው ይወጡ ነበር። በመጀመሪያው ሰልፍ ሠረገሎቹ በአብዛኛው እንደ ሥዕል ሰሌዳ ጠፍጣፋ ነበሩ። በ1975 እና በ1976 የአሜሪካ ነጻነት 200ኛ ዓመት ሲከበር ቦታውን ትልልቅ ጭንቅላት ባላቸው፣ ከሰው ቁመት በላይ በረዘሙ አሻንጉሊቶች ለተሞላ የታሪክ ሰልፍ ለቀቀ፤ እኔ በፊልም ያየሁት ቅንጭብ የትምህርት ቤት የታሪክ ክፍለ ጊዜን ያስታውሰኛል፣ አልረዝምበትም። በ1977 የብርሃኑ ሰልፍ ሲመለስ ሠረገሎቹ ሙሉ አካል ነበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህንን ነው።

ብርሃኑ ዐይን ይስባል፤ ሰልፉን ያቆየው ግን በእኔ ግምት ድምፁ ነው። ዣን ዣክ ፔሬ እና ገርሾን ኪንግስሊ የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች በ1967 «ባሮክ ሆዳውን» የሚል ርእስ ያለው በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተቀነባበረ አጭር ዜማ አሳትመው ነበር። ለመናፈሻ የታሰበ አልነበረም። የሰልፉ አዘጋጆች ይህን ዜማ መሠረት አድርገው ወሰዱት። ከመንገዱ ዳር ከተተከሉት ድምፅ ማጉያዎች የሚሰማው እርሱ ነው። እያንዳንዱ ሠረገላ ደግሞ የራሱን ድምፅ ማጉያ ይዞ የራሱን ዜማ ያሰማል፤ የሲንደሬላው ሌላ፣ የአሊስ ሌላ ነው። እነዚህ ሁሉ ከመሠረቱ ጋር በአንድ ቅኝት፣ በአንድ የጊዜ ምት እንዲሄዱ ተደርገው ስለተሠሩ፣ ሠረገላው ሲቀርብ ዜማው ከሥረኛው ላይ ይነሣል፤ ሲርቅም ሳይጋጭ ይከስማል፤ ወዲያውም የሚቀጥለው ይመጣል። በየመዓዘኑ የተለያየ ሙዚቃ ከከፈቱ ሱቆች ፊት ያለፈ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሆነ ይገባዋል።

ከዚህ የረቀቀው ደግሞ የመክፈቻው ነገር ነው። የሰልፉ መንገድ ረጅም ነው፤ ከመናፈሻው ጀርባ ካለው «ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ» ከሚባለው ሕንፃ አንሥቶ እስከ መግቢያው አደባባይ ይደርሳል። የመጀመሪያው ሠረገላ አንዱ ጫፍ ላይ ሲወጣ ሌላው ጫፍ ላይ የቆመው ገና ብዙ ደቂቃ ይጠብቃል። የመክፈቻው ሙዚቃና የአስተዋዋቂው ድምፅ በመንገዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢለቀቅ ለአንዱ መክፈቻ የሆነው ለሌላው ባዶ መንገድ ላይ የሚጮኽ ሬድዮ ይሆናል። ዶን ዶርሲ የተባለው የድምፅ ባለሙያ በ1980 ለዚህ መላ አገኘ። መንገዱ በክልል በክልል ተከፋፈለ፤ ሰልፉ ወደ አንዱ ክልል ሲቃረብ የዚያ ክልል መብራት ይጠፋል፣ የዚያ ክልል መክፈቻም ያን ጊዜ ይሰማል፣ ከመሠረታዊው ዜማ ጋርም ምቱ ሳይዛነፍ ይገጥማል። እንግዲህ የትም የቆመ ሰው ሰልፉን ከ«ሀ» ይጀምረዋል። ቀድሞ የመጣው ቀድሞ ያየዋል እንጂ የበለጠ አያይም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ይህን ብልሃት የሚያስተውል ተመልካች አልነበረም፤ ሊያስተውለውም አይገባም። የቀረበት ነገር አለመኖሩ ብቻ በቂ ነው።

በ1996 ኩባንያው ሰልፉን ለዘላለም ሊያሰናብተው መሆኑን አስታወቀ። የስንብቱ ወሬ ሕዝቡን እንደ ጎርፍ አመጣው፤ የመጨረሻው ቀን ተራዝሞ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ቆየ፤ አምፖሎቹ ሳይቀሩ ለማስታወሻ ተሸጡ። ሰዎች የሚወዱትን ነገር ገዝተው ወደ ቤት ወሰዱ ማለት ነው። በዚህ ሐዘን መካከል ነው ተተኪው የመጣው።

ተተኪው «ላይት ማጂክ» ይባላል። ስንፍና የወለደው ሥራ አልነበረም፤ እንዲያውም ብዙ ተለፍቶበታል። የፋይበር ኦፕቲክ መብራት በዚያን ጊዜ አዲስ ነበር። በዘመኑ የአየርላንድ ዳንስ ዓለምን ያነሣሣበት ወቅት ስለነበር ሙዚቃውም ወደዚያው አዘነበለ። መንገዱና የመንገዱ ዳር ሳይቀር ለእርሱ ሲባል ታደሰ። አዘጋጆቹ ግን አንድ ነገር ወሰኑ፤ ሰልፍ እንዳይባል። «ጎዳና» እና «ድንቅ ትዕይንት» የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አላትመው አዲስ ስም አወጡለት። እኔ እንደ ተርጓሚ አዲስ ስም ሲፈጠር ሁልጊዜ እጠረጥራለሁ፤ አሮጌው ስም ምን ቢጎድለው ነው ብዬ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አራት ረጃጅም ተንቀሳቃሽ መድረኮች መንገዱ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ በተወሰኑ ሁለት ስፍራዎች ይቆማሉ። ትልልቅ ጭንብል ያጠለቁ ተረታዊ ፍጥረታት ወርደው ይደንሳሉ፤ ብርሃኑ ይፈነጥቃል፤ ትዕይንቱ ሲያልቅ መድረኮቹ ይነሡና ወደ ሁለተኛው ስፍራ ሄደው ያንኑ ይደግማሉ። ይህ ማለት ከመድረኩ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ትዕይንቱን አየ። በሁለት መድረክ መካከል የቆመው አንገቱን እያጠማዘዘ የሁለቱንም ጎን አየ። ከሁለቱ ስፍራዎች ውጭ የቆመው ግን መብራታቸውን ያዘሉ መኪናዎች ወደ ሥራቸው ሲሄዱ አየ። ሰልፍ ቢሆን ኖሮ ከፊቱ የቆመ ረጅም ሰው አንዱን ሠረገላ ቢከልለው በሚቀጥለው ይካስ ነበር፤ እዚህ ግን የከለለው ከለለው። እዚያ ላይ ደግሞ ሕፃናት የሚያውቋቸውን የተረት ሰዎች ሲጠብቁ ማንነታቸውን የማያውቋቸው ጭንብሎች ቀደሟቸው።

በሜይ 1997 የዓመት ትኬት ለነበራቸው ደንበኞች ተጨማሪ ክፍያ ተጠይቆበት የቅድሚያ ምሽት ተዘጋጀ። መሣሪያው በዚያ ምሽት ብልሽት በብልሽት ሆነ፤ ዝግጅቱ የልምምድ ነው ተብሎ ቢነገርም ገንዘባችን ይመለስልን ያሉት ብዙዎች ነበሩ። እንዲህ ያለው ደንበኛ መናፈሻውን ከሠራተኞቹ እኩል የሚያውቅ ነው፤ አምፖሉን ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠውም እርሱ ነው። ወሬው ከትዕይንቱ ቀድሞ ሮጠ። ብልሽቱ ከጊዜ በኋላ ቢታረምም «ላይት ማጂክ» በሴፕቴምበር መጀመሪያ ተነሣ። በ2000 ይመለሳል ተብሎ ነበር፤ አልተመለሰም።

ብዙ ጸሐፊዎች ጥፋቱን በዚያ የቅድሚያ ምሽት ላይ ያሳርፋሉ። እኔ አልስማማም። ብልሽት የደረሰበት ሰልፍ ብዙ ነው፤ በሳምንቱ ይረሳል። «ላይት ማጂክ» የወደቀው ሁሉም መሣሪያ በትክክል በሠራበት ምሽት ነው፤ ምክንያቱም በትክክል ሲሠራ እንኳ የታቀደው ለከፊሉ ሕዝብ ብቻ ነበር። የ1955ቱ ድንኳን ታሪክም ይኸው ነው፤ ሰው ሊያይ የመጣውን ጎዳና አስትቶ ቆሞ የሚታይ ነገር ሰጠው። አሮጌው ሰልፍ ደግሞ ለዘላለም ተሰናብቶ ብዙ አልቆየም። በ1999 ፍሎሪዳ ላይ ታየ፤ በ2001 ከዲዝኒላንድ አጠገብ ባለው አዲስ መናፈሻ ወጣ፤ በ2017 ወደ ጥንት መንገዱ ለአጭር ጊዜ ተመለሰ። አምፖሉን በስንብት ዋጋ የገዙት ምን እንዳሉ መገመት አያዳግትም።

ከአሜሪካ ውጭ ይህ ሰልፍ ከ1985 ጀምሮ ቶኪዮ ላይ፣ ከ1992 ጀምሮ ደግሞ ፓሪስ ላይ ታይቷል። የጃፓኖቹ አጠባበቅ ለብቻው ቢጻፍለት የሚበቃ ነው። ሰልፉ ሰዓት ያህል ሲቀረው ቤተሰቦች ትንሽ ምንጣፍ መሬት ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ፊት ያለው ስለተቀመጠ ኋላ ያለው ያያል። ሰልፉን ያማረ የሚያደርገው ግማሹ ሥራ በተመልካቹ እጅ መሆኑን እዚያ በግልጽ ማየት ይቻላል። ወላጅ ልጁን ትከሻው ላይ ባስቀመጠ ቁጥር ከኋላው ያለው ሌላ ልጅ ሰልፉን ያጣል፤ ሁሉም ከተነሣ ደግሞ ማንም ከተቀመጠበት የተሻለ አያይም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሁለት ነገሮች ይህን ታሪክ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይስቡታል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተው የነበሩት የፍሎሪዳ መናፈሻዎች ሲከፈቱ ሕዝብ እንዳይከማች ሲባል ትልቁ ሰልፍ ቀረና አንድ ሁለት ሠረገላ ብቻ ያላቸው፣ ሰዓታቸው ያልተነገረ ትንንሽ ሰልፎች ይወጡ ጀመር። አስቀድሞ ጠርዝ ይዞ የሚጠብቅ ስላልነበረ ድንገት የተገናኙት ሁሉ ከፊት ሆነው አዩ፤ ያ የገና ሰልፍ ወግ በበሽታ ምክንያት ሳይታሰብ ተመለሰ ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ራትን ከተከለለ የመመልከቻ ስፍራ ጋር አጣምሮ መሸጥ በመናፈሻዎቹ የተለመደ ሆኗል። ኩፖን ያልነበረው ሰልፍ ኩፖን አገኘ። የንግድ ሰዎችን ስሌት እረዳለሁ፤ ነገር ግን ከገመዱ በስተኋላ ለቆመው ሰው ዶን ዶርሲ የለፋበት እኩልነት ትንሽ ትንሽ እየተሸረፈ ነው።

ሰልፉን በዐይኔ ያየሁት በ2022 በጋ፣ 50ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ዲዝኒላንድ በተመለሰበት ጊዜ ነው። ሎስ አንጀለስ የሚኖረው ወንድሜ ስድስት ዓመት የሞላትን ልጁን ይዞ፣ እኔን አስከትሎ ሄድን። ቀኑን ሙሉ ለየጨዋታው ተሰልፈን ስለዋልን ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ስንቀመጥ እግሬን አልሰማውም ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ከኋላችን የነበሩ አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ቆመው ስለነበር ተጠጋግተን ቦታ ሰጠናቸው፤ በሕይወታቸው ለስንተኛ ጊዜ እንደሚያዩት በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩን፣ ጣታቸውም አልበቃ አላቸው። ልጅቷ ጥበቃው ሰልችቷት ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

የመንገዱ መብራት በእኛ አቅጣጫ ድንገት ጠፋ። ልጅቷ ነቃችና በዚያ በጎረመሰ አማርኛዋ፣ «አጎቴ፣ ሰልፉ አለቀ?» አለችኝ። መጠበቁን ማለቷ ነበር። የአርታኢዬ ቀይ እስክሪብቶ ትዝ አለኝና ሳቅ አመለጠኝ። «አሁን ጀመረ» አልኋት።

ያ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተቀየጠ የአስተዋዋቂ ድምፅ እንደ አዲስ፣ ለእኛ ብቻ እንደሚናገር ሆኖ ተሰማ፤ ዜማው ከሩቅ መጣ። ሠረገሎቹ እየበዙ ሲመጡ በአምፖል ያበደ አንድ ኤሊ ከልጅቷ ፊት ደርሶ በቆመበት ዞረ፣ ዞረና ሄደ። ወዲያ ማዶ ያሉት ሰዎች ፊት በብርሃኑ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ቀጥሎ ወርቅማ ሲሆን ይታየኝ ነበር። የመጨረሻው ሠረገላ ካለፈ በኋላ ሕዝቡ ከጠርዙ ተነሥቶ መንገዱን ሞላው። ልጅቷ እጄን ለቃ ኤሊው ወደ ሄደበት ጥቂት ርምጃ ሮጠች፤ ከወዲያኛው ክልል የመክፈቻው ድምፅ ለሌሎች ሰዎች ሲጀምር ይሰማን ነበር።